የመምህሩ ወስፌ

አባቴ ቀን ቀን በገሱባ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ መስኮቱን ዘግቶ ቆዳ ይሰፋ ነበር። መስኮቱን የሚዘጋው ነፋሱ ፋኖሱን እንዳያጠፋበት ይመስለኝ ነበር። ብርሃኑ ወደ ውጭ እንዳይታይበት መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ዘመኑ 1970ዎቹ ነው። ከሶዶ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በዚያች የኦፋ ወረዳ ከተማ አንድ መምህር ሲመሽ ቢጠጣ ወይም ካርታ ቢጫወት የሚያማው አልነበረም። ቁርበት ዘርግቶ ወስፌ ቢይዝ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የሠራው ነገር ብዙ አይደለም፤ የተማሪ ስም የሚጠራበት መዝገብ ልባስ፣ ሁለት ሦስት ቀበቶ፣ ለእናቴ አገልግል፣ ለእኔ በትከሻ የሚንጠለጠል የደብተር ቦርሳ። አንዱንም አልሸጠም። ለምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ ‹‹እጄ ሥራ ይፈታብኛል›› ከማለት በቀር የሰጠውን መልስ አላስታውስም።

ሙያውን የተማረው ከአንድ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ጊፋታ ሲያልፍ፣ ጎረቤት ተቧድኖ ያረደውን በሬ ቆዳ ለመውሰድ ወደ ሰፈራችን ብቅ ይሉ ነበር። እኔ ዛሬ ‹‹እሳቸው›› ብዬ እጽፋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንደ እኩያው ነበር የሚጠራቸው፣ እኔም ጭምር። ከደጃፍ አልፈው አይገቡም። አያቴ ምግብ ስትሰጣቸው በኮባ ቅጠል አድርጋ ከመሬት ታኖርላቸዋለች። ሲጨርሱ ቅጠሉ ይጣላል፤ የሚታጠብ ዕቃ አይኖርም። አያቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። እንዲያውም ከሰፈሩ ሴቶች ሁሉ እጇ የማይሰስት እሷ ነበረች። የማንንም ክፋት ሳይፈልግ በራሱ የሚሄድ ሥርዓት ምን እንደሚመስል ያየሁት በእርሷ ለጋስ እጅ ነው።

በወላይታ ቆዳ የሚፍቀው ወገን ደጋላ ይባላል፤ የሸክላ ሠሪው ወገን ደግሞ ጪናሻ። ስሞቹ ከሙያ ይልቅ የትውልድ ናቸው፤ የደጋላ ልጅ በዕድሜው ቆዳ ነክቶ ባያውቅም ደጋላ ነው። በቀደመው ሥርዓት ከገበሬው ጋር አይጋባም፣ በአንድ ማዕድ አይቀርብም፣ የእርሻ ርስት አይደርሰውም። በጎረቤት ጋሞም ስሙ ያው ደጋላ ነው። በጉራጌና በከምባታ ፉጋ የሚባለው ወገን አለ። በሰሜኑም ቢሆን ፋቂና ጠይብ የሚሉት ቃላት ከስም ወደ ስድብ ለመሸጋገር ብዙ መንገድ አልሄዱም።

ዳግማዊ ምኒልክ የወላይታውን ንጉሥ ጦናን ድል ነሥተው አገሩን የያዙት በ1887 ዓ.ም. ነው። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክለውን ዝነኛ አዋጃቸውን አስነገሩ። አዋጁ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ጸሐፊውን ሳይቀር እያነሣ ሕዝቡን ይወቅሳል፤ ሠራተኛ ስድቡን እየፈራ ሙያውን ቢተው አገር ባዶ እጇን እንደምትቀር ያስጠነቅቃል፤ ከእንግዲህ ሠራተኛን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቆጠራል ይላል። በዘመኑ እንዲህ ያለ ቃል ከዙፋን መውጣቱ ያስደንቃል። ይሁን እንጂ አዋጁ የስድቡን አፍ እንጂ የስድቡን ሥር አልነካም። ሥሩ መሬት ነበር። መሬት የሌለው ሰው የሌላውን በሬ ቆዳ ይጠብቃል፤ የሌላውን በሬ ቆዳ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ከደጃፍ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ግሥ ላውጋ። ፋቀ። ሽማግሌው ቁርበቱን ከመሬት ላይ ወጥረው፣ ጎንበስ ብለው፣ ሥጋና ሞራውን ሲያነሡ ሥራቸው መፋቅ ነው፤ ስማቸውም በአማርኛ ፋቂ ነው። በጎጃም ወይም በትግራይ አንድ ደብር ጥግ ደግሞ አንድ ቄስ የፍየል ቆዳ ለቀናት በውኃ ዘፍዝፎ፣ በእንጨት ክፈፍ ላይ በጠፍር ወጥሮ፣ በስለታም ካራ ሥጋውን ከዚያም ጠጉሩን እያነሣ፣ በሻካራ ድንጋይ እያለሰለሰ ብራና ያወጣል። እርሱም ይፍቃል። ‹‹ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ›› ሲባል ማንም ፊቱን አያዞርም። ያው ግሥ፣ ያው ማጎንበስ፣ ያው የርጥብ ቆዳ ሽታ። የእንዳ አባ ገሪማ ወንጌሎች፣ በሬዲዮካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚመደቡት፣ በዚህ ግሥ ላይ የቆሙ ናቸው። አንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ አሥር ፍየሎችን ቆዳ ይጠይቃል። ቅጠሉ ተጽፎ ሲያልቅም ሥራው ገና ነው፤ ሁለቱ ገበታ እንጨቶች በቀይ ቆዳ ይለበጣሉ፣ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ይታተምባቸዋል፣ በመጨረሻም መጽሐፉ የሚንጠለጠልበት ማኅደር ይሰፋለታል። ይህን ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ቅዳሴና ማኅሌት የሚቆም፣ ተማሪ የሚያስተምር፣ በክረምት የሚያርስ ሰው ነው። ለእርሱ ቆዳ ከብዙ ሥራዎቹ አንዱ ነው፤ የእጁ ሥራ ስሙን አልወሰደበትም።

(ጥርሱን የሚፍቀውንም ማንም ፋቂ አይለውም፤ ያውም መሣሪያው መፋቂያ ሆኖ ሳለ።)

ከቀሳውስቱ ሌላ ያሉትንም ብናይ ነገሩ ይሰፋል። ገበሬው ቀንበሩን ከሞፈሩ የሚያስርበትን ምራን ከቁርበት ይተለትላል፤ የአልጋውን ጠፍር ራሱ ይወጥራል። ነጋዴው መጫኛውንና ስልቻውን ይጠግናል፤ መንገድ ላይ ቢበጠስበት ማን ይደርስለታል? ባለማሲንቆው የማሲንቆውን ፊት ቆዳ ያለብሳል፤ የበገና ደርዳሪው ጅማት ከበግ አንጀት ይፈተላል። የከበሮውን ቆዳ የሚወጥር አለ። ባልቴቷ አገልግሏን በቆዳ ትለብጣለች። ብረት ሠሪው ራሱ ወናፉ ቆዳ ነው፤ ያለ ወናፍ ማረሻ የለም፣ ያለ ማረሻም የገበሬው ኩራት የለም። አገሩ ሁሉ እጁ ቆዳ ላይ ነበረ ማለት ይቻላል። ቆዳ የነካ ሁሉ ግን ፋቂ አልተባለም። ፋቂ የተባለው ከቆዳ በቀር ሌላ እንዳይነካ የተደረገው ነው።

የሚገርመው ይኸው ሰው እንኳ በእውነቱ ቆዳ ብቻ ሠርቶ አያውቅም። በጋሞ ደጋማ ቀበሌዎች ለብዙ ዓመታት ያጠኑት አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ካትሪን ዊድማን አርተር እንደ ጻፉት የጋሞ ደጋላዎች ቆዳ ከመፋቅ ጎን ለጎን ገራዥ፣ ሐኪም፣ መልእክት አድራሽ፣ በለቅሶና በበዓል መለከት ነፊ ነበሩ። ገበሬው በማዕዱ አያስቀርባቸውም፤ ልጁን ግን ያለ እነርሱ አይገርዝም። መሣሪያቸውም ያስገርማል። በእንጨት እጄታ ላይ በሙጫ የተተከለ ባልጩት ነው፤ ድንጋዩን ራሳቸው ይጠርባሉ፣ ሲደነዝም መልሰው ይስሉታል። በዓለም ላይ የድንጋይ መፋቂያ በዕለት ሥራው ላይ የሚውልባቸው የመጨረሻ ቦታዎች በደቡብ ኢትዮጵያ ይገኙ ነበርና ከሩቅ አገር ምሁራን ሊማሩ መጡ። በኮንሶ ደግሞ ድንጋዩን የሚጠርቡትም ቆዳውን የሚፍቁትም ሴቶች መሆናቸው ሲታይ፣ የጥንት የድንጋይ መሣሪያ ሁሉ የወንድ እጅ ሥራ ነው ብለው ያስቡ የነበሩ ሰዎች ሐሳባቸውን እንደገና ለማየት ተገደዱ።

የእኛው ዳሞታ ተራራም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። ከሶዶ በላይ በተንጣለለው በዚያ ተራራ በምዕራብ ጎኑ ሞቼና ቦራጎ የሚባል የዋሻ ጥላ አለ። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንትና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ መጨረሻ ቁፋሮ ጀምረውበት ወደ 50,000 ዓመት ገደማ የሚደርስ የባልጩት መሣሪያ አግኝተውበታል። ከመሣሪያዎቹ የትኛው ቆዳ እንደ ፋቀ ለመናገር እኔ ብቁ አይደለሁም። ሽማግሌው ጥቁሩን ድንጋይ በመዳፋቸው ላይ አገላብጠው፣ ወደ ፀሐይ አንሥተው ስለቱን ሲያዩ ግን በልጅነቴ አይቻለሁ። ስለ ዳሞታው ዋሻ ባነበብሁ ቁጥር የማስበው ያንን መዳፍ ነው። ለዚያ እጅ ምሁራን ውቅያኖስ አቋርጠው ሲመጡ፣ እኛ ጎረቤቶቹ ውኃ የምናጠጣበትን ጣሳ ለይተንለት ነበር።

ሽማግሌው የወንጌል አማኝ ነበሩ። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ወላይታ የደረሱት በ1920 ዓ.ም. ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሚሲዮናውያኑ አገሩን ለቅቀው ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን ብዙ ሺህ ሆነው ጠበቋቸው። በጸሎት ቤቱ ደጋላውና ገበሬው በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። ሰርግ ሲመጣ ግን ወንበሩ ይረሳል። ሽማግሌው ይህን ያውቁ ነበርና አንድ ታሪክ ደጋግመው ይናገሩ ነበር። በሐዋርያት ሥራ ላይ ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን ያደረው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው። እግዚአብሔር ያነጻውን አንተ ርኩስ አትበል የሚለውን ራእይ ያየውም እዚያው ቤት ሰገነት ላይ ነው። ‹‹ሌላ ቤት ጠፍቶ ነው ወይ እዚያ ያሳደረው?›› ይሉና ወስፌውን ወደ አባቴ ያቀብላሉ። አባቴ ኦርቶዶክስ ነበር፤ የቤተ ክህነት ትምህርትም ቀምሷል። የብራናውን ነገር ለሽማግሌው የነገራቸው እርሱ ነው። ቄስ ቆዳ ይፍቃል ሲባሉ መጀመሪያ አላመኑም፤ በኋላ ግን ከልባቸው ሳቁ አሉ።

የመምህሩና የሽማግሌው ወዳጅነት የተጀመረው መሬት ላይ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ እስከ 10 ሔክታር የሚደርስ መሬት ማግኘት እንደሚችል ደነገገ። ደርግን የምወቅስበት ነገር ብዙ ነው። ያ አዋጅ ግን የምኒልክ አዋጅ ያልደረሰበት ሥር ላይ ደርሷል። ሽማግሌው በስተርጅና መሬት ተሰጣቸው። ሔክታር ምን እንደሆነ ለማስረዳት፣ ገመድ ይዞ ለመለካት ከቀበሌው የተላከው አባቴ ነበር። በዚያ ቀን አንድ ነገር ተገለበጠ፤ ሽማግሌው ቀን ቀን ገበሬ ሆኑ፣ እንሰትና ቦዬ ተከሉ፣ ቆዳው የማታና የበዓል ማግስት ሥራ ሆነላቸው። ቆዳ ሲሰፉ ፊታቸው ላይ ደስታ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ምናልባትም ቀድሞም ነበረ፣ እኔ ግን አላየሁም። ያን ጊዜ መፋቅ ግዴታቸው አልነበረም፤ ቢተዉትም ይበላሉ። አባቴ ‹‹ያስተምሩኝ›› ያላቸው በዚያ ዓመት ነው። በክብር አጠራር የጠራቸው የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

በቤታችን መስኮቱን ዘግተው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሰፉ፣ ነገሩ በሰፈር መሰማቱ አልቀረም። ተሳቀ፤ ‹‹መምህሩ ደጋላ ሆነ›› ተባለ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፣ መርዝም አልነበረበትም። መምህር ነዋ። ደመወዝ አለው፣ ጠመኔ አለው፣ የገበሬ ዘር አለው። ‹‹ይጫወታል›› ተብሎ ታለፈ። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ሠርተውት ‹‹ይጫወታል›› ያላቸው አልነበረም።

በኋላ አዲስ አበባ ስኖር ይህን ነገር በሌላ መልክ አየሁት። ከወላይታ የመጡ ልጆች በየጥጉ ሣጥናቸውን አስቀምጠው ጫማ ይጠርጋሉ፤ ሊስትሮ የሚለውን ስም ጣሊያን ትቶልን የሄደ ነው። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ በአገራቸው ቆዳ መንካት ነውር የሆነባቸው። እዚህ ማንም ስለማያውቃቸው ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ቆዳ ሲያሹ ይውሉና ሲመሽ ደብተራቸውን ይዘው ማታ ትምህርት ቤት ይገባሉ። አንዱን የገሱባ ልጅ ‹‹አባትህ ቢያይህ ምን ይላል?›› ብለው ‹‹ጋሼ፣ ይኼ ቆዳ አይደለም፤ ጫማ ነው›› አለኝ። ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ ከሊቃውንትም አልሰማሁም።

የዘንድሮው ዘመን ቆዳን እንደገና የወደደ ይመስላል። አባይ ሹልትስ አሜሪካ ኢኮኖሚክስ አጥንታ ወደ አዲስ አበባ ተመልሳ ‹‹ዛፍ›› የሚባል የቆዳ ቦርሳ ሥራ አቋቁማለች። በባሕር ማዶም እንግሊዛዊው ተዋናይ ዳንኤል ዴይ ሉዊስ፣ ኦስካር ከተሸለመ በኋላ፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ፍሎረንስ ሄዶ ከአንድ ጫማ ሠሪ ዘንድ ደቀ መዝሙር ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ዓለም አደነቀው። እኔም አደንቀዋለሁ፤ ሙያ ነው፣ ደስታ ነው። ከአድናቆቴ ጋር ግን የአባቴ መስኮት ትዝ ይለኛል። ተዋናዩ ቆዳ ሲሰፋ ተዋናይነቱ እንደ ተጠበቀ ነው፤ አባቴም ሲሰፋ መምህርነቱ እንደ ተጠበቀ ነበር። ለፍቅር ብሎ የሚሠራ ሰው የሚመለስበት ስም አለው።

የሽማግሌው ልጅ የአባቴ ተማሪ ነበር፤ በጂኦግራፊ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ ነበር። ተምሮ ጤና ረዳት ሆነ፣ ከገሱባ ርቆ ሲሠራ ኖረ። አባቴ በሞተ ጊዜ ለልቅሶ መጣ። ከለቀስተኛው ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ፣ ከሁላችን ጋር በአንድ ሰሃን በላ፤ አያቴ ብታይ ምን ትል ይሆን ብዬ በልቤ ጠየቅሁ። ሰው ሲቀንስ ያን የደብተር ቦርሳዬን አወጣሁለት። ቆዳው ጠቁሯል፣ ማንገቻው ተበጥሷል። ተቀበለኝና አገላበጠው። አውራ ጣቱን በስፌቱ ላይ ቀስ አድርጎ አስሄደው፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ቆመ።

‹‹ይህን ጎን መምህር ነው የሰፋው›› አለ፤ ‹‹ይህ ግን የአባቴ ነው። ክሩን ሁለት ጊዜ ይመልሱታል።››

‹‹ማንገቻውን ብትሰፋልኝ ብዬ ነበር›› አልሁት። ያልሁት በፍቅር ነው፤ ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን ምን እንዳልሁ ገባኝ።

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ማንገቻውን ከተበጠሰበት ላይ ገጥሞ ያዘው፤ አያያዙ የሚያውቅ ሰው አያያዝ ነበር። ከዚያም ቦርሳውን መልሶ ጉልበቴ ላይ አኖረልኝ።

‹‹ሶዶ ውሰደው›› አለኝ፤ ‹‹እዚያ የሚሰፉ አሉ።››